ጥላው ለማን ነው?

ባለፈው ወር አንዲት የኅብረታችን እህት ከትምህርት በኋላ በር ላይ ጠበቀችኝ። ዘንድሮ በአንድ የከተማ መሥሪያ ቤት በላንድስኬፕ ዲዛይን ጀማሪ ባለሙያ ሆና ተቀጥራለች፤ የሙከራ ጊዜዋን ገና አልጨረሰችም። «ጋሼ፣ ጉቦ አልተቀበልኩም፤ ማንንም አልዋሸሁም። ግን የታዘዝኩትን ስስል ልቤ ይወቅሰኛል። ይህ ኃጢአት ነው ወይስ ዝም ብሎ ጭንቀት?» አለችኝ።

ወዲያው አልመለስኩላትም። ጥያቄው የእኔም ነበር፤ እኔም በእሷ ዕድሜ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ አልፌዋለሁና። ለእሷ የነገርኳትን ለእናንተም ልንገራችሁ፤ ከመካከላችሁ ነገ የመንግሥት ሠራተኛ የሚሆኑ ብዙ ናችሁ።

መጀመሪያ ሥራውን ለማታውቁት ላስረዳ። ብዙ ሰው ላንድስኬፕ ሲባል አበባ መትከል ይመስለዋል። አበባው የመጨረሻው ነገር ነው። ከዚያ በፊት የክረምቱ ውኃ ወዴት እንደሚወርድ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትመታ፣ ሰዉ አጥርና ሣር እየዘለለ በየት እንደሚያቋርጥ፣ አንዲት አሮጊት ዳገቱን ስትወጣ የት ላይ ትንፋሽ እንደሚያጥራት ማየት አለ። የግል ሥራ ከሆነ ባለቤቱ ፊት ለፊትህ ይቀመጣል፤ መንገዱ ከጠመመበት በማግስቱ ይደውልልሃል። በመንግሥት ሥራ ግን ባለቤቱ ሕዝብ ነው። ሕዝብ ደግሞ ጠረጴዛህ ድረስ አይመጣም። የሚመጣው ቡድን መሪህ ነው፤ ከእሱ ኋላ ደግሞ በምረቃው ቀን ሪባን የሚቆርጠው ባለሥልጣን አለ። ሳይታወቅህ ቦታው ላይ ሊቀመጥ ለሚመጣው ሰው መሳል ትተህ ሊያይ ለሚመጣው ሰው መሳል ትጀምራለህ።

የእኔ ታሪክ ትንሽ ነው። ሥራ በጀመርኩ በአምስተኛው ወር ከአንድ ጤና ጣቢያ ፊት ለፊት ያለ ባዶ ቦታ ሰጡኝ። ሦስት ጠዋት ሄጄ ቆምኩበት። እናቶች ልጅ አዝለው፣ አንዳንዶቹ ገና ጎሕ ሲቀድ መጥተው፣ ተራ ይጠብቃሉ። ስድስት ዛፍ ሳልኩ፤ አራት ዋንዛ፣ ሁለት ወይራ። ከሥራቸው መደገፊያ ያለው አግዳሚ ወንበር። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የሳልኩት ነገር የለም።

ቡድን መሪያችን ንድፉን ገልብጦ አየው። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። አፈርን በእጄ ጨብጬ እንድለይ፣ ከዝናብ በኋላ ወጥቼ የተዳፋቱን አቅጣጫ እንዳነብ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ዛሬም ስሙን በአክብሮት አነሣለሁ። «ልጄ፣ ሰው ጉልበት የማይደርስ ችግኝ አያስመርቅም። ዘንባባ አድርገው» አለኝ። ከዚያ ምክንያቱን ነገረኝ፤ ምክንያቱም እውነት ነበር። የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል። ያልተሠራበት ገንዘብ ይመለሳል፤ ስለዚህ ተከላው ዝናቡ በገባበት በሰኔ ይጣደፋል፤ ርክክቡም ይፈረማል። ችግኝ ግን የሚሞተው በክረምት አይደለም፤ በጥርና በየካቲት ነው። ያኔ ውኃ የሚያጠጣው ሰው ደመወዝ በማንም በጀት ውስጥ የለም። «ዋንዛህ ይደርቃል፤ ዘንባባው ቢያንስ ቁመት ይዞ ይመጣል» አለኝ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ነገሩ ቶሎ የሚፈረድበት አይደለም። ቶሎ የሚደርስ ነገር ሁሉ ለታይታ ነው ብንል እንሳሳታለን። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ ሲመጣ አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ፣ መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም ይዛወር እስከ መባል ደርሶ ነበር። ከተማዋን ባለችበት ያቆያት ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ ነው። ዛሬ አፈር ያደርቃል ብለን ብናማውም፣ ያኔ ለሚበርደው ሰው የተተከለ ነበር። መመዘኛው ፍጥነት ወይም የዛፉ ዘር አይደለም። ያ ዘንባባስ ለማን ነበር? ለእናቶቹ አልነበረም። ዘንባባ ጥላው እንደ ምሰሶ ቀጭን ነው፤ ይህን እኔም ቡድን መሪዬም እናውቅ ነበር።

ታዲያ አንድ ጀማሪ ምን ማድረግ ይችላል? «ሥራውን ይልቀቅ» የሚሉ አሉ። ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድን ያነሡልኛል፤ በ1858 እ.ኤ.አ. ከካልቨርት ቮክስ ጋር የኒውዮርክን ሴንትራል ፓርክ ንድፍ በውድድር ያሸነፈውን። እውነት ነው፣ ከከተማው ሹማምንት ጋር ሲጋጭ ከአንድ ጊዜ በላይ መልቀቂያ አስገብቷል። ግን ስም ያለው ሰው ሲለቅ ወሬ ይሆናል፤ ጀማሪ ሲለቅ ወንበሩ በሳምንቱ ይሞላል፤ የቤት ኪራዩን ደግሞ የሚከፍልለት የለም። ከኦልምስቴድ ይልቅ እኔን የሚነካኝ ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች የጻፈው ነው። ለታይታ ብቻ መሥራትን ሲነቅፍ የተናገረው ለባለሥልጣናት አልነበረም፤ ለባሪያዎች ነው። ምንም የመወሰን ሥልጣን ለሌላቸው ሰዎች። እንግዲህ «እኔ ምን ሥልጣን አለኝ» የሚለው መልስ ከዚያ ቃል አያስመልጠንም ማለት ነው። ይህን ሳስብ በጣም ያስጨንቀኝ ነበር፤ አሁንም ያስጨንቀኛል።

ምክንያቱም ያን ቀን ያደረግኩትን አውቃለሁ። ቡድን መሪዬ አንድ ጊዜ ተናገረ፤ እኔ ሁለተኛ እስኪናገር እንኳ አልጠበቅኩም። ስድስቱንም ዛፍ አጠፋሁ። «ሁለቱን ብናስቀርስ?» ብዬ አልጠየቅኩም። ከንድፉ ጋር በሚያያዘው ማስታወሻ ላይ «ቦታው ጥላ ይፈልጋል» የሚል አንዲት መስመር አልጻፍኩም፤ ብጽፍ የሚከለክለኝ አልነበረም። ይባስ ብዬ ዘንባባዎቹን በሁለት ረድፍ አሰልፌ፣ በኮምፒውተር ቀለም ቀብቼ፣ ሰማዩን ሰማያዊ አድርጌ አቀረብኩ። «ይህ ልጅ ይሠራል» ሲባል ደስ አለኝ። መታዘዜ አይደለም የሚወቅሰኝ፤ መታዘዝ ካለብኝ በላይ መሄዴ ነው። አቅመ ቢስነቴን እንደ ጋቢ ተከናነብኩት፤ ከሥሩ ግን ሙገሳ ፈላጊው እኔ ነበርኩ።

ከዓመታት በኋላ በየካቲት ቀትር ላይ በዚያ አለፍኩ። ዘንባባዎቹ አልደረቁም፤ ቆመዋል። እናቶቹ ፀሐዩን በነጠላ ከልለው ቆመዋል። አንዲት ቆሎ የሚሸጡ እናት ከማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር፣ ሰሌዳው በሚጥለው ጥላ ውስጥ ተቀምጠዋል። ጥላው ሲሸሽ ሰፌዳቸውን ጎተት እያደረጉ ይከተሉታል። ቆሎ ገዛሁና፣ «እማማ፣ ለምን ከዛፎቹ ሥር አይቀመጡም?» አልኳቸው።

ዞር ብለው አዩ። «የቱ ዛፍ፣ ልጄ?» አሉኝ።

የሠራሁት ሰው እኔ መሆኔን አልነገርኳቸውም። ያኔ ባዶ ቦታውን ሳየው እኚህ ሴት እዚያ አልነበሩም። ባልንጀራ ሲባል ሁልጊዜ በመንገድ ዳር ተጋድሞ የምናየው ሰው ይመስለናል፤ ገና ያልመጣ ባልንጀራ እንዳለ አላሰብኩም። አብርሃም በቤርሳቤህ ዛፍ ተከለ ይላል ዘፍጥረት 21። በእንግድነት በኖረበት አገር ነው የተከለው፤ የእርሻ ቦታ እንኳ የራሱ አልነበረውም። ማን እንደሚያርፍበት አልተጻፈም።

ለእህታችን ስለዚህ ያልኳት፣ አለቃሽን ተቃወሚ ወይም ልቀቂ አይደለም። የታዘዝሽውን ሥሪ፤ ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ያልተገኘውን ሰው ወክለሽ አንድ ጊዜ፣ በትሕትና፣ በጽሑፍ ተናገሪ፤ ከተናገርሽ በኋላ ካልሰሙሽ የሚጠየቀው ሌላ ነው አልኳት። «ካልሰሙኝ ግን ሰዎቹ ያው ፀሐይ ላይ ናቸው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ለዚህ መልስ አላገኘሁላትም።

በሳምንቱ ስልክ ደወለች። ንድፏ ላይ ከሚተከሉት ውስጥ ሦስቱ ዋንዛ እንዲሆኑ፣ ተቋራጩም ውሉ ውስጥ ለሦስት በጋ ውኃ እንዲያጠጣ የሚል ሐሳብ ጽፋ አስገብታለች። ቡድን መሪዋ አንብቦ «አየዋለሁ» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ከትቶታል። ሰኔ 30 ሊደርስ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል።