ሰጪ በስጦታው ይጠየቃልን?

ከአንድ ማኅፀን የወጡ ልጆች ደማቸው አንድ ነው እንላለን። ለክፉ ቀንስ ከእህት የሚቀርብ ማን አለ? እስቲ ይህን አባባላችንን በአንድ እውነተኛ ጉዳይ እንፈትነው።

አንድ ሰው የደም ካንሰር ያዘው እንበል። የራሱ መቅኔ በብርቱ መድኃኒት ይደመሰስና የእህቱ መቅኔ ሕዋሳት በደም ሥሩ ይሰጡታል። ሐኪሞች አስቀድመው መርምረው «ገጥሟል» ብለዋል። ታዲያ ምን ቀረ? ዋይ ክሮሞሶም ቀረ። እሱ አለው፣ እሷ የላትም። ከእሷ መቅኔ የሚመጡት ነጭ የደም ሕዋሳት ከዚያ ክሮሞሶም የሚሠሩትን ፕሮቲኖች እንደ ባዕድ ሊያዩዋቸውና የወንድሟን ቆዳ፣ ጉበትና አንጀት ሊያጠቁ ይችላሉ። ወንድ ልጅ አርግዛ የምታውቅ ከሆነች ደግሞ ሰውነቷ ይህን ጠብ አስቀድሞ ተምሮት ሊሆን ይችላል።

የተገላቢጦሹም አለ። እ.ኤ.አ. በ1976 ኤልስ ጉልሚ የተባለች የኔዘርላንድ ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር የአንዲት ሴት ታሪክ አሳተመች። ሴትዮዋ የወንድሟን መቅኔ ብትቀበልም ሰውነቷ እምቢ አለ፤ ሕዋሳቷም በቤተ ሙከራ የወንድ ሕዋሳትን እየለዩ ሲገድሉ ታዩ።

እንግዲህ ወንድም በእህቱ ስጦታ ቢጎዳ እህት ጥፋተኛ ናት ወይ? ከመካከላችን «ሥራ በውጤቱ ይመዘናል» የሚል አለ፤ «የለም፣ በሐሳቡ ነው» የሚልም አለ። እኛ ሁለቱም አይበቁም ባዮች ነን። ውጤቱ ራሱ መንታ ነዋ! ያው ሕዋስ ሰውየውን እያሳመመ፣ ተደብቆ የቀረውን ካንሰርም ያድናል። ከሴት የተቀበሉ ወንዶች ካንሰሩ የሚያገረሽባቸው አነስ ብሎ የታየውም ለዚህ ነው። ጉዳቱና ፈውሱ ሥራቸው አንድ ከሆነ በምን ቢላዋ እንለያቸዋለን?

ደግሞስ ሕዋሳቱ አሁን የማን ናቸው? ንቅለ ተከላው ከያዘ በኋላ የሰውየው ደም ቢመረመር የሴት ክሮሞሶም ይገኝበታል። የሚያጠቃውም የሚያድነውም የገዛ ደሙ ሆኗል ማለት ነው። እህትየዋማ «ይህን ምቱ፣ ያንን ተዉ» ብላ ልታዛቸው አትችልም። ሳያውቁና ሳይፈቅዱ ለደረሰ ነገር ጥፋተኛ መባል ፍርደ ገምድልነት ነው።

ጥፋት የሚኖረው ሌላ ቦታ ነው፦ የሚያውቀው ዝም ሲል። ሰጪን የሚመርጥ ሐኪም ይህን አደጋ ያውቃል፤ ሌላ የሚገጥም ሰጪ ካለ ማመዛዘን፣ ለሁለቱም አስቀድሞ መንገር ግዴታው ነው። ያልተነገራት እህት ወንድሟ አልጋ ላይ በወደቀ ቁጥር ራሷን ስትከስ ትኖራለች። የተነገራት ግን አውቃ ትሰጣለች፤ ቢታመምም ከአጠገቡ ሳትሸማቀቅ ትቀመጣለች።

እኛስ ብንጠየቅ? እንሰጣለን። ግን ይነገረን። ከዚህ የተለየ ሐሳብ ያለው ጓደኛ ብዕሩን ያንሣና ይሟገተን።