የማንም ላልሆነ ገንዘብ የሚደክም ሰው

ሥራዬ ሰው መጥራት ነው። ኮዱን ማንም ሊያነበው፣ ሊገለብጠውና ሊያርመው ለሚችል አንድ የክሪፕቶ ገንዘብ ፕሮጀክት ዴቨሎፐሮችን እፈልጋለሁ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ የምጠራቸው ግን ከየአገሩ ናቸው፣ ከአዲስ አበባም ጭምር። ይህን ሥራ ከያዝኩ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ከልቤ አልወጣ ብሏል። ባለቤት ለሌለው ገንዘብ ድካሙን እንዲሰጥ አንድን ሰው ስጠራው ምን ቃል ልገባለት ይገባኛል? እኔስ ከእሱ ምን ልጠይቅ እችላለሁ?

ለዚህ ጥያቄ ስለ ቅጥር ከተጻፉት መጻሕፍት ሁሉ ይልቅ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ይቀርበኛል። የወይን ቦታ ባለቤት ማልዶ ወጥቶ ሠራተኞችን በቀን አንድ ዲናር ተስማምቶ አስገባ። በሦስት፣ በስድስት፣ በዘጠኝ፣ በመጨረሻም በዐሥራ አንድ ሰዓት እየወጣ (ሰዓቱ እንደኛው አቆጣጠር ነው) ሥራ ፈትተው የቆሙትን ጨመረ። ሲመሽ ለሁሉም እኩል ዲናር ከፈለ፤ ማልደው የገቡት አጉረመረሙ። ሰንበት ትምህርት ቤት ስንማረው ስለ እግዚአብሔር ቸርነት ነበር፤ ዘግይቶ የተመለሰ ሰው ከመንግሥቱ እንደማይቀር ነበር የተነገረን። ትርጓሜው እንደዚያው ነው፣ አልነካውም። እኔን የሚይዘኝ ከትርጓሜው በፊት ያለው ተራ ነገር ነው። ባለቤቱ የመጀመሪያዎቹን ሠራተኞች ሲያስገባ ደመወዛቸውን ከሥራው በፊት ተናግሯል። የተናገረውም ሠራተኛው ያንኑ ማታ ለቤቱ እህል የሚገዛበትን ገንዘብ ነው። ወይኑ ሲወደድ ትከብራላችሁ ብሎ አልጠራቸውም።

በእኛ ሙያ የተለመደው ጥሪ ግን ይኸው ነው። አዲስ ሳንቲም የሚያወጣ ቡድን ዴቨሎፐሩን የሚጠራው ብዙ ጊዜ በራሱ በሳንቲሙ ነው፤ ዛሬ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ቀድሞ የገባ ግን ነገ ሀብታም ይሆናል እያለ። ቢትኮይን ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የተሰወረው ሰው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 2008 ሐሳቡን በጽሑፍ አወጣ፤ የመጀመሪያው ብሎክ በጃንዋሪ 2009 ተፈጠረ፤ በ2011 እሱ ራሱን አገለለ። አዲስ ሳንቲም የሚደርሰው ብሎክ ለሚያወጣው ማይነር ነው፤ ኮዱን ለሚጽፈው ሰው የተመደበ ነገር የለም። በኋላ የመጡት ሌላ መንገድ ሞከሩ። ዚካሽ በ2016 ሲጀመር በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ከሚፈጠረው ሳንቲም 20 በመቶው ለመሥራቾቹ፣ ገንዘብ ላወጡት ባለሀብቶችና ለሠራተኞቹ እንዲሆን ወሰነ። ዳሽ ከብሎኩ ክፍያ 10 በመቶውን ለልማት ሥራ አስቀመጠ። ኢቴሪየም ሥራ ሳይጀምር በ2014 ሳንቲሙን አስቀድሞ ሸጦ ለሠራተኞቹ የሚሆን ገንዘብ አገኘ። እነዚህ ያሰቡትን ቀድመው በግልጽ ተናግረዋል፤ ይህን አከብራለሁ። መሥራቾቹ በድብቅ ለራሳቸው ሳንቲም ካስቀመጡባቸው ፕሮጀክቶች ጋር አንድ ላይ ላስቀምጣቸው አልችልም።

ሆኖም በግልጽ የተነገረም ቢሆን፣ ለሰው ራሱ በሚሠራው ሳንቲም መክፈል ያስፈራኛል። የገንዘብ ኮድ ሚዛን ነው። የሙሴ ሕግ በአንድ ከረጢት ውስጥ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ የሆነ የመመዘኛ ድንጋይ ይዞ መገኘትን ሲከለክል፣ የከለከለው ነጋዴው ሊያደርገው የሚችለውን ነገር ነው። በኮድም እንዲሁ ሊደረግ ይችላል። ኦገስት 15 ቀን 2010 አንድ ሰው በቢትኮይን ኮድ ውስጥ በነበረ የስሌት ስሕተት ገብቶ ከ184 ቢሊዮን በላይ ሳንቲም ፈጠረ፤ ለዘላለም እንዲኖር የታሰበው ግን 21 ሚሊዮን ብቻ ነበር። ሳቶሺና አብረውት የነበሩ ጥቂት ሰዎች በሰዓታት ውስጥ አርመውት፣ የተፈጠረው ሐሰተኛ ሳንቲም ከታሪኩ ተሠረዘ። ገንዘቡ የማንም አይደለም ይባላል፤ በዚያች ቀን ግን በጥቂት ሰዎች እጅ ነበር። አሁንም በዋናው ኮድ ላይ ለውጥ የሚያስገቡት ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

እንግዲህ ከእነዚህ ሰዎች የአንዱ ሀብት ሁሉ በዚያው ሳንቲም ውስጥ ቢሆንስ? ዋጋውን የሚያስወድድ፣ ተጠቃሚውን ግን የሚጎዳ ለውጥ ሲቀርብለት ምን ያያል? ይዋሻል እያልኩ አይደለም። ጨዋ ሰውም ቢሆን የሚጠቅመው ነገር ትክክል መስሎ ይታየዋል። የአገራችን ሽማግሎች በራሳቸው የመሬት ክርክር ላይ ሽማግሌ ሆነው የማይቀመጡት ሌቦች ስለሆኑ አይደለም።

በተቃራኒው ደግሞ በ2018 የሆነውን አስባለሁ። በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር ላይ በቢትኮይን ኮድ ውስጥ ሳንቲም ከምንም ለመፍጠር የሚያስችል ሌላ ቀዳዳ ተገኘ። ያገኘው ሰው የሚሠራው ከቢትኮይን ተገንጥሎ በወጣው በተቀናቃኙ በቢትኮይን ካሽ ነበር። ዝም ብሎ ቢተወው ወይም ቢሸጠው ተቀናቃኙ ሊጎዳለት ይችል ነበር። እሱ ግን በስውር ለሚመለከታቸው አስታወቀ፤ በማግስቱም ማረሚያው ወጣ። ለዚህ ማንም ደመወዝ አልቆረጠለትም። ከሳንቲሙ ዋጋ ይልቅ የሚዛኑን እውነት የሚወድ ሰው እንዳለ በዚህ አውቃለሁ፤ የምፈልገውም እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

ይህን ስል አንዳንዶች እንግዲያው ምንም አትክፈል ይሉኛል። ኦፕን ሶርስ በፈቃድ የሚሰጥ አገልግሎት ነው፣ ገንዘብ ሲገባበት ይረክሳል ይላሉ። ምሳሌም አያጡም። ሃል ፊኒ በጃንዋሪ 2009 ከሳቶሺ የመጀመሪያውን 10 ቢትኮይን የተቀበለ ሰው ነው። በዚያው ዓመት ሰውነትን ቀስ በቀስ የሚያሽመደምድ የነርቭ በሽታ እንዳለበት ታወቀ። እጆቹ ሥራ ካቆሙ በኋላ በዓይኑ እንቅስቃሴ በሚታዘዝ ኮምፒዩተር ኮድ መጻፉን ቀጠለ፤ በኦገስት 2014 ዐረፈ። ይህን ሰው ሳስብ ልቤ ይነካል። ነገር ግን የእሱን ስጦታ ከሌላው ለመጠየቅ መብት የለኝም። ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ፣ በማንም ላይ ሳይከብድ አስተማረ፤ ያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ግን የሚደክም ሰው ከድካሙ ሊበላ እንደሚገባው ተሟግቷል። ሁለቱን አብረን ካላየን ጳውሎስን አልተረዳነውም። መብቱን የተወው እሱ ራሱ ነው፤ ቆሮንቶሶች ተውልን አላሉትም። ጠሪው በሠራተኛው ስም መብት ከተወ ነገሩ ከመሥዋዕት ይልቅ ንጥቂያ ይሆናል።

ነፃ ሥራውን ከደቦ ጋር የሚያነጻጽሩ ወንድሞችም አሉኝ። ደቦን ያየ ሰው ግን የጠራው ባለ እርሻ ለመጡት ሁሉ እንደሚያበላና እንደሚያጠጣ ያውቃል፤ ወንፈል ከሆነም ቀኑን በቀን ይመልሳል። ባዶ ሆድ አሰልፎ የሚያሳጭድ ደቦ አላየሁም።

በ2018 መጨረሻ የተሰማው የኢቨንት ስትሪም ነገርም ትምህርት ሆኖኛል። ይህ በብዙ ሺህ ፕሮግራሞች ውስጥ የሚገባ ትንሽ የኮድ ጥቅል ነው። የጻፈው ሰው ያለ ክፍያ ለዓመታት ያዘው፤ በኋላ እሱ ራሱ አልተጠቀመበትም፣ ደከመውም። አንድ የማይታወቅ ሰው በፈቃዴ ልርዳህ ብሎ ጻፈለት፤ እሱም ኃላፊነቱን አስረከበው። ያ ሰው በጥቅሉ ውስጥ ኮፔይ ከተባለው የቢትኮይን ዋሌት ቁልፎችን የሚሰርቅ ኮድ ሸሸገ። የመጀመሪያውን ጸሐፊ አልወቅሰውም። በድካሙ ሲጠቀሙ ከኖሩት ውስጥ ሊያሳርፈው የመጣው ሌባው ብቻ ነበር።

ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ አንዲት ወጣት ጋር ስለዚሁ ሥራ ስነጋገር ገና ከመጀመሩ፣ «ጋሼ፣ ክፍያው በሳንቲሙ ነው ወይስ የቤት ኪራይ በሚከፈልበት?» ብላ ጠየቀችኝ። አምስት ኪሎ ተምራ የተመረቀች፣ ከእናቷ ጋር የምትኖር ናት፤ የላከችው ኮድም የጠራ ነው። ጥያቄዋ ስስት አልመሰለኝም፤ የወይኑን ቦታ ሠራተኛ ጥያቄ ነው የጠየቀችው። በሳንቲሙ ብላት ኖሮ የገበያውን መውደቅና መነሣት በእናቷ ጓዳ ላይ አስቀምጥ ነበር። ከዚያም በላይ በአገር ቤት የክሪፕቶ ገንዘብ ሕጋዊ መክፈያ አይደለም፤ ብሔራዊ ባንክም በ2022 አስጠንቅቋል። እኔ ከሩቅ ሆኜ ለከፈልኩት ነገር ሕጉ የሚጠይቀው እሷን ነበር። ያለ ክፍያ ብላት ደግሞ በፈቃዱ የሚያገለግል ሆኖ የሚቀረው ደመወዙ የሞላለት ሰው ብቻ ይሆናል። ለድሃ ተሠራ የሚባል ገንዘብ ድሃ ልጅ ያልነካችው ኮድ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። በ2019 ካርዳኖ የተባለውን ሳንቲም ኮድ የሚጽፈው ድርጅት ከኢትዮጵያና ከኡጋንዳ የተመረጡ ሴቶችን አዲስ አበባ ላይ ሰብስቦ ሃስኬል የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ አስተምሯል። ስለ ሳንቲሙ ያለኝ አስተያየት ሌላ ነው፤ ሰውን ከመጥራት በፊት ማስተማር ግን ትክክለኛ አጠራር ነው።

ጠሪ አደጋውንም መናገር አለበት። የክሪፕቶ ገንዘብን ዱካ የሚሸፍነውን የቶርኔዶ ካሽን ኮድ ከጻፉት አንዱ አሌክሴይ ፐርትሴቭ በኦገስት 2022 ኔዘርላንድ ውስጥ ተያዘ፤ በሜይ 2024 ገንዘብ በማጠብ ወንጀል አምስት ዓመት ከአራት ወር ተፈረደበት። ፍርዱ ትክክል ነው አይደለም ብለው የሕግ ሰዎች ይከራከራሉ። እኔ ግን እንዲህ ያለ ኮድ እንዲጽፍ የምጠራውን ልጅ ይህን ሳልነግረው ካስገባሁት አታልዬዋለሁ።

ለዚህም ነው እኛ ጋ ክፍያ በሚታወቅ ገንዘብ እንዲሆን፣ መጠኑም ሥራው ከመጀመሩ በፊት እንዲነገር፣ በሳንቲሙ አወጣጥ ላይ ድምፅ ያለው ሰው ምን ያህል ሳንቲም እንደያዘ ለባልደረቦቹ እንዲያሳውቅ የምሟገተው። ከእኔ ጋር የማይስማሙ አሉ፤ በሳንቲሙ የተከፈለው ሰው ለሳንቲሙ ይተጋል ይላሉ። መትጋቱን አምናለሁ፤ ጥያቄው ለማን እንደሚተጋ ነው።

እናንተ በኮድ ጎበዝ የሆናችሁ ወጣቶች፣ እንዲህ ያለ ጥሪ ሲደርሳችሁ ክፍያው በምን እንደሆነ፣ ኮዱን ለመለወጥ ሥልጣን ያለው ማን እንደሆነና እሱ ምን ያህል እንደያዘ ጠይቁ። ሳንቲሙ የሚፈጠርበትን የኮድ ክፍልም ከመፈረማችሁ በፊት ራሳችሁ አንብቡት፤ ክፍት ነው፣ ማንም አይከለክላችሁም። ጠሪው በጥያቄያችሁ ከተቆጣ አትግቡለት።