ነባቢት ነፍስ እና የጋሞ ዱቡሻ

ከአርባ ምንጭ ከተማ ዳር ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው፣ በግራው ቀላ ያለው አባያ፣ በቀኙ ሰማያዊው ጫሞ፣ በሁለቱም መካከል ሕዝቡ «የእግዜር ድልድይ» ብሎ የሰየመው ኮረብታ ተዘርግቶ ሲታየው፣ ስሙን ያወጣው ማን እንደሆነ ባያውቅም በምን ልብ ሆኖ እንዳወጣው ለመረዳት አይቸገርም። ያ ሰው ምድሩን በራሱ ስም አልጠራውም፤ ለፈጣሪው ሰጠው እንጂ። ኢጣሊያ ዓድዋ ላይ ድል በተመታችበት በ1888 ዓ.ም. ግን ቪቶሪዮ ቦቴጎ የተባለ ኢጣሊያዊ መኮንን ከዚህ ውኃ ዳር ደርሶ፣ በዙሪያው የሰፈሩት ሕዝቦች ሲቀዱትና ሲሻገሩት የኖሩትን አባያን ለንጉሡ ለኡምቤርቶ ባለቤት መታሰቢያ ይሁን ብሎ «የማርጌሪታ ሐይቅ» አለው። በማግስቱ ዓመት ቦቴጎ በወለጋ በኩል ሲዋጋ ሞተ፤ ያወጣው ስም ግን በአውሮፓ ካርታዎች ላይ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ኖረ።

ይህ ነገር ቀላል የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ ውኃው በስሙ ምክንያት አልደረቀም፣ ዓሣውም አልሸሸም ይል ይሆናል። ይሁን እንጂ በኦሪት ዘፍጥረት እንደተጻፈው፣ አዳም በገነት ሳለ ከተሰጡት ሥልጣናት አንዱ ለእንስሳትና ለአዕዋፍ ስም ማውጣት ነበር፤ እግዚአብሔር ሁሉን የፈጠረ ሲሆን ፍጥረቱን ሰው እንዲጠራለት መተዉ፣ ሰውን በቃል ተካፋይ ማድረጉ ነው። ስለዚህ ሌላው አስቀድሞ የጠራውን ነገር ስም እንደሌለው ቆጥሮ አዲስ ስም የሚያወጣለት ሰው፣ ያን ሌላውን ከአዳም ልጅነት አውጥቶ ከሚሰየሙት መካከል ያኖረዋል።

ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን የሰው ነፍስ ልባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ናት ብለው ያስተምራሉ፤ ልባዊት ማለት የምታስተውል፣ ነባቢት ማለት የምትናገር፣ ሕያዊት ማለት የማትሞት ናት። የቅኝ ገዢ ኃይል ምንም ቢበረታ የነፍስን ሕያውነት ሊነካ አይቻለውም፤ ማስተዋልንም ፈጽሞ ሊያጠፋ አይችልም፤ ባሪያ በልቡ ያስተውላልና። የቅኝ አገዛዝ በትር የሚያርፈው በመካከለኛይቱ ላይ ይመስለኛል። ሕዝብ ስለ ራሱ የሚናገርበትን፣ የሚከራከርበትን፣ የሚፈርድበትን አንደበት ይወስዳል። መሬት ቢወሰድ ይመለሳል፤ አንደበቱን ያጣ ሕዝብ ግን መሬቱ በተመለሰለት ጊዜ እንኳ ምን እንደሚያደርግበት ተማክሮ መወሰን ይሳነዋል።

ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. ስትመጣ ያደረገችውን በዚህ ሚዛን መመዘን ይቻላል። የሚላኑ ካርዲናል ሹስተር በጥቅምት 1928 ዘመቻውን የክርስቶስን መስቀል እንደሚያደርስ ሥራ አድርገው አወደሱ፤ ከዘጠኝ ወር በኋላ፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ ያንኑ መስቀል በእጃቸው የያዙት አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን አውግዙ ቢባሉ እምቢ ስላሉ በአዲስ አበባ አደባባይ በጥይት ተደበደቡ። ከጳጳሱ የተፈለገው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ የሞቱትም ያን ቃል ስለ ነፈጉ ነው።

በደቡብ ግን ነገሩ ከዚህ ይልቅ ይወሳሰባል፤ ይህንንም ሸፍኖ ማለፍ ለሕሊና አይመችም። ጋሞ በ1890 ዓ.ም. አካባቢ በአፄ ምኒልክ ሠራዊት ኃይል ወደ ግዛቱ ከገባ ጀምሮ፣ ደገኛው ገበሬ ገባር ተብሎ ለሹምና ለነፍጠኛ ተደልድሎ፣ ከእህሉ እየሰፈረ፣ ጉልበቱንም እየገበረ ይኖር ነበር፤ ጎረቤቱ የወላይታ ሕዝብም እስከ 1966ቱ አብዮት ድረስ በመንግሥት መዝገብ «ወላሞ» እየተባለ እርሱ ባልመረጠው ስም ሲጻፍ ኖረ። ቦቴጎን በውኃ ስም የምንከስ ሰዎች ይህን በሰው ስም የተደረገውን ዝም ብለን ልናልፈው አይገባንም። ከጅማ ሆኖ ይህን አገር ያስተዳድር የነበረው የኢጣሊያ መንግሥት የገባር ሥርዓትን ሽሬያለሁ ብሎ ሲያውጅ፣ በደቡብ ብዙው ገባር እፎይ ማለቱ እውነት ነው፤ ቀንበር የከበደው ትከሻ ቀንበሩን ማን እንዳነሣለት አይመረምርም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ወራሪ ያደረገው መልካም ነገር መልካም ነውን? ቀንበሩ መነሣቱ መልካም ነው፤ ይህን የሚክድ ቀንበር ያልተሸከመ ብቻ ነው። ነገር ግን አዋጁን ያወጀው መንግሥት ራሱ በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ኢጣሊያዊና ኢትዮጵያዊት እንደ ባልና ሚስት ሆነው ቢገኙ ኢጣሊያዊውን እስከ አምስት ዓመት በእስራት የሚቀጣ የዘር ሕግ አወጣ። የገባሩን ትከሻ ያቀለለው እጅ ገባሩን በደሙ የጎደለ ፍጥረት ብሎ ጻፈው። ነጻ ነህ ሲለውም አልጠየቀውም፤ አልመከረበትም። የእኛው የገባር ሥርዓት ትልቅ ኃጢአት ነበር፤ ቢሆንም ገባርና ባለ ርስት የአንድ አዳም ልጆች መሆናቸውን በሕግ ሊክድ አልደፈረም። ይህ ልዩነት ለፈላስፋ ግልጽ ነው፤ ለገባሩ ጀርባ ግን ብዙ ማጽናኛ እንዳልነበረው አውቃለሁ።

ሁለቱንም የኃይል ዘመናት ተሻግሮ የዘለቀው የጋሞ ሀብት ዱቡሻ ነው። ደሬ በሚባለው በእያንዳንዱ የጋሞ ግዛት፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ባለው የመሰብሰቢያ ሜዳ ሰዎች ተቀምጠው ስለ ድንበር፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ጸብና ስለ እርቅ ይነጋገራሉ፤ ሃላቃ የሚባለው መሪ ይሾማል፤ ነውርን ያደረገም ጎሜ አለበት፣ ይኸውም በሰውና በምድር ላይ መከራን የሚያመጣ መተላለፍ ነው፤ እርሱም በአደባባይ ተናግሮ ይነጻ ዘንድ ይጠራል። የጎሜ ትምህርት ከንስሐ ትምህርት ጋር የሚነካካበት ቦታ ብዙ ነው፤ ኃጢአት የአድራጊው ብቻ ሆኖ እንደማይቀር፣ ዝናቡንና አዝመራውን፣ የጎረቤትንም ልጅ እንደሚነካ ሁለቱም ያውቃሉ። ዱቡሻን ግን እንደ ገነት አድርጌ ልሥለው አልወድም፤ ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ለብዙ ዘመን ከጉባኤው ርቀው ኖረዋል፣ የሴቶችም ድምፅ በዚያ ጥቂት ነበር። ባዕድ ያላስተማረው ዝምታ ማስፈን በቤታችንም እንደነበረ ይህ ይመሰክራል።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አጠገብ በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች ተገደሉ፣ ተፈናቀሉም። ወሬው አርባ ምንጭ በደረሰ ጊዜ ወጣቶች በቁጣ ወደ አደባባይ ወጡ፤ ቁጣቸው ባዶ አልነበረም፤ ደም ፈስሶ ነበርና። የጋሞ ሽማግሌዎች በፊታቸው ተንበረከኩ፤ በእጃቸውም እርጥብ ሣር ይዘው ነበር። በጋሞ ባህል ሽማግሌ ሣር ይዞ ሲንበረከክ እርሱን ተራምዶ ማለፍ ጎሜ ነው። ጠመንጃ አልነበራቸውም፤ ከየትም መንግሥት የተላከ ማዘዣ አልያዙም። ሣሩ የሚናገረውን ወጣቶቹ ያውቁት ነበር፤ አባቶቻቸው በዱቡሻ ሲጠቀሙበት ያዩት ቋንቋ ነውና፣ ወደ ኋላ ተመለሱ።