አሮጌውን ማደስ ወይስ አሮጌ የሚመስለውን መግዛት?

ያረጀ ሞተር ሳይክል ገዝቶ ማደስ ይሻላል ወይስ ፋብሪካ ዛሬ ሠርቶ የጥንት መልክ የሰጠውን መግዛት? ጥያቄው የባለጸጋ ጨዋታ ሊመስል ይችላል፡፡ ከሥሩ ግን ሌላ ጥያቄ አለ፡፡ ሰው አሮጌ ነገር ሲወድ የሚወደው ዕቃውን ነው ወይስ መልኩን? ይህን ሳይለይ ገንዘቡን ያወጣ ሰው የገዛው ነገር ከፈለገው ነገር ጋር አይገናኝለትም፡፡

አንድ የታወቀ ምሳሌ እንውሰድ፡፡ የእንግሊዙ ትራያምፍ ኩባንያ ቦንቪል ቲ 120 የተባለውን ባለ 650 ሲሲ ሞተር ሳይክል ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፡፡ ስሙን ያገኘው በአሜሪካ ዩታ ግዛት ካለው፣ የፍጥነት ሙከራ ከሚደረግበት የጨው ሜዳ ነው፡፡ በኮቨንትሪ አጠገብ በሜሪደን ይሠራ የነበረው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1983 ከስሮ ተዘጋ፡፡ ጆን ብሉር የተባሉ የቤት ግንባታ ባለሀብት ስሙን ገዝተው በሂንክሊ ሌላ ፋብሪካ አቋቋሙ፤ ቦንቪል የሚለውም ስም እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በአዲስ ሞተር ላይ ተመልሶ ለገበያ ቀረበ፡፡ ቆየት ብሎ የቤንዚኑ አሠራር ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሲለወጥ ፋብሪካው አዲሱን መሣሪያ የጥንቱን ካርቡራተር አስመስሎ ሠራው! እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ባለ 1200 ሲሲ ሞተር ደግሞ የሚቀዘቅዘው በውሃ ነው፡፡ ሆኖም ድሮ አየር እንዲያቀዘቅዘው ሲባል በሲሊንደሩ ዙሪያ የሚደረደረው ስስ ብረት ዛሬም በቦታው አለ፡፡

ይህ ማታለል ነውን? የአሮጌ ሞተር ወዳጆች ብዙዎቹ «አዎን» ይላሉ፡፡ እኛ ግን አይመስለንም፡፡ የተሠራበት ዓመት በሊብሬው ላይ ሰፍሯል፡፡ ሻጩም «የ1959 ነው» አላለም፡፡ ገዢው ራሱ ሰው ፊት ካልዋሸበት በቀር የተደበቀ ነገር የለም፡፡

ይልቅስ በጥርጣሬ ሊታይ የሚገባው ታድሶ የሚያብረቀርቀው አሮጌ ነው፡፡ ፒስተኑ፣ ፑንቲናው፣ የፍሬን ሸራው ሲያልቅ መቀየሩ ነውር የለውም፤ ጣሪያው የተቀየረ ቤት ያው ቤት ነው፡፡ ነገር ግን የአንዱ ሞተር በሌላው ሻንሲ ላይ ይታሰርና አዲስ ቀለም ይቀባል፡፡ የጥንቶቹ የትራያምፍ ምርቶች በሞተሩና በሻንሲው ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ስለሚመታባቸው ቁጥሩን ፍቆ እንደገና የሚመታ ነጋዴም አይጠፋም፡፡ ገዢው እንግዲህ የሚከፍለው ለብረቱ አይደለም፤ ብረቱ ለሌለው ታሪክ ነው፡፡ የሐቅ ጥያቄ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፡፡ ታዲያ ለምን አዲሱን ብቻ «አስመሳይ» እንላለን?

የሕይወት ጉዳይም አለ፡፡ የ1959ኙ ቦንቪል ከፊትም ከኋላም ባለ ከበሮ ፍሬን ነው፡፡ ማርሹ በቀኝ እግር፣ የኋላ ፍሬኑ በግራ እግር ነው፡፡ የዛሬዎቹ ተቃራኒ ናቸው፡፡ በዘመኑ ሞተር የለመደ ሰው ሕፃን ልጅ ድንገት መንገድ ሲገባበት እግሩ የሚሄደው ወደ ለመደው ነው፤ ፍሬን ያዝኩ ሲል ማርሹን ይረግጣል፡፡ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. ከ2016–2017 ወዲህ ከ125 ሲሲ በላይ ለሆኑ አዳዲስ ሞተሮች ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ፍሬን ግዴታ ሆኗል፡፡ በየቀኑ ሥራ የሚመላለስና ልጆች ቤት የሚጠብቁት ሰው አዲሱን ቢገዛ ማንም ሊያፍርበት አይገባም፡፡ ማደስ ብዙ ጊዜ ታድሶ ያለቀውን ከመግዛት የበለጠ ገንዘብ እንደሚበላም ይወቅ፡፡

ታዲያ የሚያድስ ሰው ሞኝ ነው? አይደለም፡፡ አዲሱን መግዛት የጥንቱን ዕውቀት አያቆይም፡፡ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ከቮልስ ያውቀዋል፡፡ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ያወጣው አዲሱ ቢትል ድቡልቡል መልኩን ቢይዝም ሞተሩ ወደ ፊት ዞሯል፤ ከኋላ ሞተር ያለውን የጥንቱን የሚያውቁት እጃቸው ግሪስ የለመደ የጋራዥ ሰዎች ናቸው፡፡ የድሮ የእንግሊዝ ሞተርም ቡሎኖቹ በራሳቸው ልክ የተሠሩ ስለሆኑ ባለ ሚሊ ሜትሩ ኪያቤ አይገጥማቸውም፡፡ ሦስተኛ መንገድ ያገኙት ሕንዶች ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም፡፡ የእንግሊዙን ሮያል ኤንፊልድ ቡሌት እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ በማድራስ ሠሩት፤ እናት ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላም አላቋረጡም፡፡ ሳያቋርጡ የሚሠሩትን ማን ያድሰዋል?

አባቱ ለዓመታት የነዳው ሞተር በግቢ ጥግ ሸራ ለብሶ የቆመለት ልጅ ጉዳይ ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል፡፡ መልኩንማ ከሱቅ ያገኘዋል፡፡ የአባቱ ጉልበት እያሻሸ ቀለሙን ያሳሳው የቤንዚን መያዣ፣ መዳፉ ያለሰለሰው መሪ፣ ያኔ ለጊዜው ተብሎ በሽቦ የታሰረው ማርሚታ ከየትም አይገዙም፡፡ ወደ ጋራዥ ወስዶ «እንደ አዲስ አድርግልኝ» ቢል ባለሙያው መጀመሪያ የሚፍቀው ይህንኑ ነው፡፡ ስለዚህ ሞተሩን ያስፈታ፣ ፍሬኑንና ጎማውን፣ የኤሌክትሪክ ገመዱንም ይቀይር፡፡ ቀለሙን ግን ይተወው፡፡ ሽቦውም ከላላ ጠበቅ ያድርገው፡፡