ድኻን ማስተማር ምጽዋት ነውን?

የሀገራችን ሰው «የተማረ ይግደለኝ» ይላል። ይህ አባባል ለዕውቀት የተሰጠ ክብር ብቻ አይደለም፤ ያልተማረው ለተማረው ነፍሱን እስከ ማደራ ድረስ መታመኑን ይገልጻል። እንዲህ የታመነ ሰው ለድኻ ዕውቀትን ሲያካፍል ምጽዋት ሰጠ እንበለውን፣ ወይስ ዕዳውን ከፈለ? ነገሩን ከአንድ ሰው ሥራ ጋራ አያይዘን ልንመረምረው እንወዳለን።

በእኛ ዘንድ አቡነ ማስያስ የሚባሉት ጉሊዬልሞ ማሳያ በ1809 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) በኢጣልያ አገር ተወለዱ። የካፑቺን ማኅበር መነኵሴ ነበሩ፤ በ1846 ለኦሮሞ ሕዝብ የካቶሊክ ጳጳስ ሆነው ተሾሙ። በ1866 በማርሴይ ከተማ ለኦሮሞ ወጣቶች የትምህርት ቤት አቆሙ፤ በ1867ም የአማርኛንና የኦሮምኛን ሰዋስው በፓሪስ አሳተሙ። በ1868 ሸዋ ገብተው በንጉሥ ምኒልክ ዘንድ ተቀመጡ። በ1879 ግን በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከሀገር ወጡ፤ ካርዲናል ከሆኑ በኋላ በ1889 ዐረፉ።

«ያስተማሩት ወደ ሃይማኖታቸው ለመሳብ ነው» የሚል አይታጣም። ይህ ሐሰት አይደለም፤ እርሳቸውም ዓላማቸውን አልሸሸጉም። ይሁን እንጂ ስጦታ የሚመዘነው በሰጪው አሳብ ብቻ አይደለም፤ ሰጪውን እምቢ ላለው ሰው ሳይቀር የሚጠቅም እንደ ሆነ ነው። አቡነ ማስያስ የፈንጣጣ ክትባት ይሰጡ ነበር፤ ክትባቱም ያዳነው የተከተበውን ሁሉ ነው እንጂ ትምህርታቸውን የተቀበለውን ብቻ አይደለም። ስለ ቋንቋ የደከሙበትም መጽሐፍ እንዲሁ ነው። ሰጥቶ በምላሹ የተቀባዩን ኅሊና የሚጠይቅ ግን ነግዷል እንጂ አልሰጠም።

ደግሞም ድኻን ማስተማር ከባሕር ማዶ የመጣ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪው ቅኔውን የተማረው፣ ደረሳውም ኪታቡን የቀራው፣ ድኻው ገበሬ ከልጆቹ አፍ ቀንሶ በሰጠው ቁራሽ ነው። ዛሬም ትምህርት ቤቱ የሚቆመው በዚያው ገበሬ ግብር ነው። እንግዲህ መጀመሪያ የሰጠው ድኻው ከሆነ፣ የተማረው የሚመልሰው ዕዳውን ነው።

ዕዳውም በቀላሉ አይከፈልም። ወደ ይፋት ቆላ ወርደን ጀውሃን እንመልከት። ማሽላው ሲያሽት ወፍ የሚጠብቀው ልጅ ነው፤ ማማው ላይ ሲወጣ በክፍሉ ስሙ ቢጠራ አይገኝም። ክፍያ ስላልተጠየቀ ትምህርቱ ነጻ ነው እንላለን፤ አባት ግን በልጁ ጉልበት ይከፍላል፤ ልጁን ለትምህርት ሲሰድ ማሽላውን ለወፍ ይተዋል። የዓመቱን ትምህርት ከእርሻው ወራት ጋራ ሳያስማማ ቀሪውን ልጅ «ሰነፍ» ብሎ የሚመዘግብ መምህር ድኻውን ገና አላወቀውም።

በይፋት አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አርጎብኛና አፋርኛ ይሰማሉ። ባዕዱ መነኵሴ ሊያስተምር የመጣውን ሕዝብ ቋንቋ አስቀድሞ መማር ግድ ከሆነበት፣ የሀገር ልጅ የሆነ ሹምና መምህር የባላገሩን አነጋገር ሊንቅ እንዴት ይገባዋል? ልጁን በአባቱ ሞፈርና በእናቱ ቋንቋ እንዲያፍር የሚያደርግ ትምህርት አንዱን ሰጥቶ ሌላውን ይነጥቃል።

ስለዚህ ድኻን ማስተማር ምጽዋት አይደለም እንላለን። ምጽዋት የሚሰጥ ሰው ምስጋና ይጠብቃል፤ ባለዕዳ ግን ከፍሎ ሲጨርስ ዕረፍት እንጂ ምስጋና አይሻም። «የተማረ ይግደለኝ» ላለን ሕዝብ የሚገባው መልስ በተማረው እጅ ልጁ እንዲድን ማድረግ ነው።