በምድረ በዳ ዓይን የሆነልን ሰው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ሊቀ ነቢያት ሙሴ ሕዝበ እስራኤልን ይዞ ከሲና ተራራ ሊነሣ ሲል ያደረገው አንድ ነገር አለ፤ ብዙዎቻችን አንብበነው ሳናስተውለው እናልፋለን። ምድያማዊውን ኦባብን አብሮአቸው እንዲሄድ ለመነው። ኦባብ ግን ወደ አገሬና ወደ ዘመዶቼ እመለሳለሁ ብሎ እንቢ አለ። ሙሴ ግን አልተወውም፤ በምድረ በዳ የምንሰፍርበትን ስፍራ አንተ ታውቃለህና ዓይን ሁነን ሲል ዳግመኛ ለመነው (ዘኍ. 10፥29-32)።

እንግዲህ እንጠይቅ። በቀን የደመና ዓምድ፣ በሌሊት የእሳት ዓምድ ይመራው የነበረ ነቢይ የአንድ ምድያማዊ ዓይን ለምን አስፈለገው? እኛም ይህን ጥያቄ ከዚህ ቀደም አልጠየቅንም ነበር። መልሱን ያገኘነው ከመጽሐፍ ሳይሆን በበረሃ፣ ያውም ካፈርን በኋላ ነው።

በ2011 ዓ.ም. በግንቦት ወር፣ በበዓለ ኀምሳ ሰሞን፣ 38 ሆነን ወደ ደብረ ወገግ አሰቦት ቅድስት ሥላሴ ገዳም ተጓዝን። ተሳልመን ስንመለስ ማታ አዋሽ ሰባት ኪሎ አደርን፤ በማግሥቱም የእግዚአብሔርን ፍጥረት እናይ ዘንድ ወደ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ገባን። ይህ ፓርክ በ1966 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ሲሆን ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ ወደ 225 ኪሎ ሜትር ርቆ ይገኛል። በእግር ለሚሄድ ሰው ስካውት ይሰጠዋል። ለእኛ የተሰጡን ስካውት በዕድሜ አባታችን የሚሆኑ የከረዩ ተወላጅ ነበሩ። ወራቱ ረመዳን ስለ ነበር እርሳቸው ጾመኛ ናቸው፤ ሆኖም በጀርባቸው ሁለት ጀሪካን ውኃ አዝለው መጡ። ከእኛ አንዱ «ጋሼ፣ ጾም አይደሉም እንዴ?» ቢላቸው፣ «እኔ ጾም ነኝ። ውኃው የእናንተ ነው» አሉት።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ አቁመው አንድ በአንድ በጣታቸው ቆጠሩን። ከዚያም አራት ነገር አዘዙን። አንደኛ፣ ከእኔ ፊት ማንም አይቅደም፤ ከመጨረሻው ሰውም ኋላ ማንም አይቅር። ሁለተኛ፣ ሳይጠማችሁ ጠጡ፤ ውኃ በጠርሙስ ሳይሆን በሆድ ነው የሚቀመጠው። ሦስተኛ፣ በደረቅ ወንዝ ውስጥ አትረፉ፤ እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ በላይ በደጋው የዘነበ ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ይመጣል። አራተኛ፣ ከጠፋችሁ አትሩጡ፤ ጥላ ፈልጋችሁ ባላችሁበት ቆዩ። እኛም «እሺ» አልን። «እሺ» ማለት ለእኛ ቀላል ነው፤ በየእሑዱ የምንለው ነውና።

ያየነው ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ነበር። በኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ ሣሩ ወርቅ መስሎ ተዘርግቶ፣ በመካከሉ ሳላዎች ቀንዳቸውን እንደ ጦር አቁመው ይግጡ ነበር። እንሹዋ ከቁጥቋጦ ሥር ዘልላ ታመልጣለች፤ ከርከሮው ጅራቱን ቀጥ አድርጎ ይሮጣል። ሳላ ውኃ ሳያገኝ ብዙ ቀን መቆየት እንደሚችል ስካውታችን ነገሩን። የእንስሳት ሊቃውንትም ይህንኑ ጽፈዋል፤ ሳላ በቀን ሙቀት ጊዜ ላብ አፍስሶ ውኃውን አያባክንም፤ የሰውነቱ ሙቀት ከፍ እንዲል ይተወውና ሌሊት ሲቀዘቅዝ ያወጣዋል። ፈጣሪ ለእያንዳንዱ ፍጥረት ለሚኖርበት ስፍራ የሚሆነውን ጥበብ ሰጥቶታል። ለሰው ግን በበረሃ የሰጠው ጥበብ ሌላ ነው፤ እርሱም መስማት ነው።

እኛ አልሰማንም። ወደ ፏፏቴው ስናቀና አራት ወንድሞች የሳላዎቹን ፎቶግራፍ ከቅርብ እናነሣለን ብለው ከኋላ ተነጠሉ። የመጨረሻ ሰው እንዲሆን የተመደበው ወንድም ከአራቱ አንዱ ነበር። እኛ የቀረነው 34 ሰዎች ደግሞ መዝሙር እየዘመርን፣ እየተሳሳቅን ሄድን። ከመካከላችን አራት ሰው መጉደሉን ማንም አላወቀም። ስካውታችን ግን በአንድ ግራር ሥር አቁመውን እንደ ልማዳቸው በጣታቸው ቆጠሩ። ሁለተኛ ቆጠሩ። ፊታቸውም ተለወጠ።

እኛን ከጥላው እንዳንነቃነቅ አዝዘው፣ አንድ ጀሪካን ይዘው በዱካ ተመለሱ። ከእኛም ሁለቱ ተከተሏቸው። ያን ጊዜ ሰዓቱ 5 አልፎ ነበር፤ መሬቱ እንደ ምጣድ ግሏል። አራቱ ልጆች መንገድ ሲጠፋባቸው አራተኛውን ትእዛዝ ረስተው፣ ወዲያና ወዲህ ሮጠው፣ ውኃቸውንም ጨርሰው ነበር። ሦስቱ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። አራተኛው፣ ከሁላችንም የሚያንሰው ልጅ፣ ወድቋል። ቆዳው ግሏል፤ ንግግሩ ተወላግዷል፤ እናቱን እየጠራ የት እንዳለ አያውቅም። ይህ ሕመም የሰው ሰውነት ሙቀት 40 ዲግሪ ገደማ ሲደርስና ሲያልፍ የሚመጣ ነው፤ አንጎልን ያውካል፤ ፈጥኖ ያልቀዘቀዘም ሰው ይሞታል።

ስካውቱ ልጁን ተሸክመው ወደ ጥላ አገቡት። ልብሱን አላልተው፣ የተከተለቻቸውን እኅት ነጠላ በውኃ ነክረው በአንገቱ፣ በብብቱና በደረቱ ላይ አኖሩት፤ በባርኔጣቸውም ያራግቡለት ነበር። ነፍሱን እስኪያውቅ ድረስ በአፉ ውኃ አላደረጉም፤ ባወቀ ጊዜ ግን በጉንጭ በጉንጭ አጠጡት። አብራ የነበረችው እኅታችን ያየችውን ስትነግረን እስከ ዛሬ እንባ ይቀድማታል። ውኃው በጣቶቻቸው መካከል ይፈስሳል፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፤ ነገር ግን አንዲት ጠብታ ወደ አፋቸው አላስጠጉም። ልጁን በመኪና ወደ ጤና ጣቢያ አደረስነው፤ በማግሥቱም በእግዚአብሔር ቸርነት ተነሣ።

ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ልናመሰግናቸው ሄድን። በቴምርና በውኃ ጾማቸውን እየፈቱ ነበር። ምስጋናችንን ሰምተው እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ እኔ እረኛ ነበርሁ። ከብቱን የማይቆጥር እረኛ አይደለም።» ቀጥለውም «እናንተስ አገራችሁ ስትገቡ የሚቆጥራችሁ አለ?» ብለው ጠየቁን። እኛም ዝም አልን።

ውድ አንባብያን፣ ከዚህ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ እግዚአብሔር በሰው ይመራል። ደመናው ሕዝቡን ወዴት እንደሚሄድ ያሳየው ነበር፤ ኦባብ ግን ምንጩ የት እንደሆነ፣ የትኛው ሸለቆ እሾህና እባብ እንዳለበት ያውቃል። ሙሴ እግዚአብሔር ይመራኛልና ሰው አያስፈልገኝም አላለም። የመነኮሳት አባት አባ እንጦንስም እንዲሁ ነው። ቅዱስ አትናቴዎስ በጻፈው ገድሉ እንደምናነበው፣ ወደ ውስጠኛው በረሃ ሂድ የሚል ድምፅ በሰማ ጊዜ መንገዱን አያውቀውም ነበር፤ በዚያ በኩል ይጓዙ ከነበሩ የበረሃ ዐረቦች ጋር ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ተጉዞ ነው ምንጭና ዘንባባ ካለበት ተራራ የደረሰው። ኋላም እንጀራ ያመጡለት እነርሱ ነበሩ። እንግዲህ ታላቁ እንጦንስ መንገድ ከጠየቀ፣ እኛ አራት ትእዛዝ መስማት ስለ ምን ከበደን?

ሁለተኛ፣ ከእኛ ወገን ያልሆነውን ሰው አንናቅ። ኦባብ ምድያማዊ ነበር። በመንገድ የወደቀውን ሰው ያነሣው ሳምራዊ ነበር (ሉቃ. 10፥33)። የእኛን ወንድም ያነሣውም በሌላ ሃይማኖት የሚጾም ሰው ነው። በዚያ ቀን ከእኛ መካከል ስለ ጾምና ስለ ፍቅር ትምህርት የሚሰጥ ብዙ ሰው ነበረ፤ ትምህርቱን በሥራ ያየነው ግን በእርሳቸው ነው። ይህን ስንጽፍ ሃይማኖታችንን አናቃልልም፤ ሃይማኖታችን ባልንጀራህ ማን ነው ብሎ የሚጠይቀን ስለሆነ እንጂ።

ሦስተኛ፣ ይኸውም የሁሉ ፍጻሜ ነው፤ እንቆጣጠር። ጌታችን መቶ በጎች ስላሉት ሰው ባስተማረው ምሳሌ፣ እረኛው ዘጠና ዘጠኙን ትቶ የጠፋውን አንዱን ፈለገ። ዘጠና ዘጠኙን የተወው የት ነው? በበረሃ ነው (ሉቃ. 15፥4)። እንግዲህ ያ እረኛ አስቀድሞ ባይቆጥር ኖሮ አንዱ መጥፋቱን በምን ያውቅ ነበር? ፍለጋ የሚጀምረው ከመቁጠር ነው።

በመኪናችን ስንመለስ ማንም አልዘመረም። መተሐራን ካለፍን በኋላ አንዲት እኅት ቀስ ብላ የአንድ ወንድማችንን ስም ጠራች። ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። ይህ ወንድም ከበሮ መችያችን ነበር። አባቱ ካረፉ ወዲህ ከጉባኤ ቀርቶ ነበር። ከበሮውን ሌላ ሰው ያዘው፤ መዝሙሩ ቀጠለ፤ ከመካከላችን አንድ ሰው መጉደሉን ግን ማንም አልቆጠረም። በበረሃ አራት ሰው የጎደለው ለሁለት ሰዓት ነበር፤ እርሱ ግን የጎደለው ለአራት ወር ነበር። የበረሃው ጥፋታችን በዚያ ቀን የጀመረ አልነበረም፤ ከቤታችን ይዘነው የሄድነው ልማድ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ስድስት ሆነን ወደ ቤቱ ሄድን። እናቱ በሩን ከፈቱልን። እርሱም ወጥቶ አየንና «አሁን ነው የመጣችሁት?» አለ። ሌላ አልተናገረም። እኛም ምክንያት አላቀረብንም፤ «በድለናል» ብለን ተቀመጥን። እናቱ ቡና አፈሉ። አባቱ እንዴት እንዳረፉ፣ ታናናሾቹን ለማስተማር በእሑድ ጭምር ሥራ እንደሚውል የሰማነው ያን ዕለት ነው። ዛሬ ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብለን አንዋሽም፤ ሥራው ስለማይለቀው አንዳንድ ጊዜ ይመጣል፣ አንዳንድ ጊዜ ይቀራል። ሲቀር ግን የት እንዳለ እናውቃለን።

ወንድሞችና እኅቶች፣ የአዋሽን ወንዝ አስቡት። ከደጋ፣ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ ወደ 1200 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ነገር ግን ባሕር አይደርስም። በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ገብቶ በዚያው ይቀራል። ሰው ቢያየው ከንቱ የፈሰሰ ይመስለዋል። ነገር ግን ሰውም፣ ከብቱም፣ ሳላውም፣ ግራሩም በእርሱ ይኖራሉ። የክርስቲያን ሕይወትም እንዲህ ሊሆን ይገባዋል፤ ለራሱ ባሕር ለመድረስ ሳይሆን የደረቀውን እያጠጣ ሊያልቅ።

ጌታችን በገዳመ ቆሮንቶስ አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ጾመ። አጋር ውኃዋ አልቆባት ልጇን ከቁጥቋጦ ሥር ጥላ ስታለቅስ፣ እግዚአብሔር ዓይኖቿን ከፈተላትና የውኃ ጉድጓድ አየች (ዘፍ. 21፥19)። ኤልያስም ከክትክታ ዛፍ በታች ሞትን ለምኖ ተኝቶ ሳለ መልአኩ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት (1ኛ ነገ. 19፥4-6)። በረሃ እግዚአብሔር የሌለበት ስፍራ አይደለም። በረሃ ሰው ያለ ሰው መኖር እንደማይችል የሚማርበት ትምህርት ቤት ነው።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ያነበባችሁ ሁሉ ዛሬውኑ ቁጠሩ። በጉባኤ አጠገባችሁ ይቀመጥ የነበረው ማን ነው? ዛሬስ የት ነው? ስሙ በአፋችሁ ከመጣ፣ ይህን ወረቀት አስቀምጡና ሂዱ።

ሕዝቡን በምድረ በዳ የመራ አምላክ እኛንም ይምራን፤ እርስ በርሳችንም ዓይን ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።