ያልተሠራው ፊልም

አበው «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላሉ። ሙትን ያለ ግብሩ ማወደስም ከመውቀስ የማይተናነስ በደል መሆኑን ግን ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን።

ይህን ለማሰብ ምክንያት የሆነን በወልቂጤ ከተማ ከጥቂት መምህራንና ተማሪዎች ጋር ያደረግነው አንድ ጨዋታ ነው። ጨዋታውም «በ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት ስለ ጉራጌ ሰው ፊልም ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ ምን ይመስል ነበር?» የሚል ነበር። በአገራችን የመጀመሪያው ረዥም ልብ ወለድ ፊልም የሚባለው «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም. በጥቁርና ነጭ ተሠራ፤ «ጉማ» ደግሞ በ1966 ዓ.ም. ተከተለ። ከዚህ በቀር በከተማው ሲኒማ ቤት በብዛት ይታይ የነበረው የውጭ አገር ፊልም ነው። ስለዚህ ከጨቦና ጉራጌ ወይም ከሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ አዲስ አበባ ገብቶ ጫማ ሲጠርግ የዋለ ወጣት፥ ሳንቲም ተርፎት ሲኒማ ቢገባ፥ የባዕድ እናት ስታለቅስ ያይ ነበር እንጂ የራሱን እናት በሸራው ላይ አያይም ነበር።

እኛም ለዚህ ወጣት ድርሰት አበጀንለት። ለመስቀል አገሩ ገብቶ ለእናቱ ሰንጋ ሊገዛላት ቃል ሰጥቷል፤ ገንዘቡንም በዓመት ድካም አጠራቅሟል። በዚያው ጊዜ ሽማግሌዎች ለመንገድ ሥራ መዋጮ ይጠይቁታል። የጉራጌ ተወላጆች በእነዚያ ዓመታት፥ እነ ጄኔራል ወልደ ሥላሴ በረካን በመሪነት ይዘው፥ ከኪሳቸው እያዋጡ ወደ አገራቸው መንገድ ማሠራታቸው የታወቀ ነው። ወጣቱ ለእናቱ የሰጠውን ቃል ይጠብቅ ወይስ ለአገሩ ይስጥ? ሰጠ እንበል፤ ባዶ እጁንም በእግሩ ወደ አገሩ ይመለሳል።

እስከዚህ ድረስ ሁላችንም ተስማማን። ክርክሩ የተነሣው አንድ ተማሪ «ፍጻሜው ላይ አውቶቡስ በአዲሱ መንገድ ሲገባ እናሳይ» ባለ ጊዜ ነው። አንዲት ተማሪም «እጮኛውን አባቷ ለሌላ ሊድራት ሲል እምቢ ትበል» ስትል ጨመረች። በዕድሜ የገፉ አንድ መምህር ግን «ልጄ፥ በዚያ ዘመን እንዲህ የምትል ሴት አልነበረችም፤ የዛሬን አንደበት ለትናንት አታውሺ» ብለው ገሠጿት። ልጅቱም በትሕትና «የቃቄ ውርድወት ስለ ሴቶች የጋብቻ መብት በጆካ ሸንጎ ፊት ቆማ የተከራከረችው ከዚያ ዘመን በፊት አይደለምን?» ብላ መለሰች። መምህሩ ጥቂት ዝም ብለው «ረትተሽኛል» አሉ።

እኛ በዚያ ምሽት የተማርነው ይህንን ነው። ያለፈውን ዘመን ሰው የምንበድልበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው፥ ሳንመረምር «ዝም ብለው ኖሩ» ማለት ነው። በፊልም ያልታየ ሁሉ አልነበረም ማለት አይደለም፤ በዚያ ዘመን ሳንሱር ነበረ፥ ሸራውም የጥቂቶች ነበር። ስለዚህ ያንን ዘመን የሚመስል ድርሰት ስንደርስ አለባበሱን፥ አነጋገሩንና የሥዕሉን ቀለም እንዋስ እንጂ ያላየውን አለማየቱን መዋስ አይገባንም።

ሁለተኛው በደል፥ እኛ ዛሬ የምናውቀውን ለእነርሱ መስጠት ነው። ከአዲስ አበባ ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ ዛሬ በጥቂት ሰዓት እንደርሳለን። መንገዱ እንደሚደርስ የምናውቅ ግን እኛ ነን፤ ያ ወጣት አያውቅም ነበር። አውቶቡሱን በፍጻሜው ካሳየነው፥ ስጦታው ትርፉ አስቀድሞ የታወቀ ንግድ ይሆንበታል። ክብሩ ሁሉ ፍሬውን ሳያይ መስጠቱ ነውና፥ ይህንን ብንወስድበት ያወደስነው መስሎን እንዘርፈዋለን።

ስለዚህ ፊልማችን እንዲህ ይፈጸም አልን። ልጁ በጀፎረው ላይ ብቻውን ይመጣል፤ እጁ ባዶ ነው። እናቱ ከደጅ ቆማ ታየዋለች። ገንዘቡን ምን እንዳደረገው ይነግራታል። እርስዋም ሰንጋ የሚታሰርበትን ባዶ ስፍራ አይታ፥ «ግባ» ትለዋለች።

ያ ዘመን ድርሰት ያለ ምክር እንዲያሰናብት አይወድም ነበርና፥ እኛም አንድ ቃል እንጨምር። ስላለፉት ስንደርስ ያልነበራቸውን አንስጣቸው፤ የነበራቸውንም አንንሣቸው።